የሌሊት መነጽሩ ምን ያህል ቅርብ ያያል?

በከብት እርባታው ግቢ ውስጥ የልደት ስሟን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ሁለት ሦስት ቢገኝ ነው። ከሥራ አስኪያጁ ጀምሮ እስከ መኖ አመላላሾቹ ድረስ ሁሉም «ወይዘሮ ስፔክ» ነው የሚሏት። የግዥ ሠራተኛ ናት፤ ስፔክ የሚሉትም የዕቃ መግለጫውን ነው። ገመድ ይገዛ ሲባል «ውሃ ሲነካው ይጠብቃል ወይስ ይላላል?» ብላ ትጠይቃለች። ቦት ጫማ ይገዛ ሲባል አንዱን ጫማ ውሃ ሞልታ ቢሮዋ ውስጥ ታሳድረዋለች። አንድ ነጋዴማ ምርር ቢለው «እህቴ፣ ባልሽንም የመረጥሽው በጨረታ ነው?» ብሏት ነበር። «በጨረታ ቢሆንማ እሱ መች ያልፍ ነበር» አለችው። እውነቷን ነው፤ ሰውየው ጥሏት ከሄደ ቆይቷል።

ይህ ሁሉ ሲወራ ያስቃል እንጂ ሲሠሩት ያደክማል። የግዥ ሥራ ምስጋና የለውም። ዕቃው ደህና ከሆነ ዕቃው ይመሰገናል፤ ከተበላሸ «ማነው የገዛው?» ይባላል። ቢሮዋ ከከብት መድኃኒት ማከማቻው ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጠባብ ክፍል ነው፤ የመዥገር መድኃኒት ሽታ ልብሷ ውስጥ ገብቶ እቤቷ ድረስ ይከተላታል። የጠረጴዛዋ አንድ እግር አጭር ስለሆነ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ተሸጉጧል። ለሰው ሁሉ ዕቃ እየገዛች ለራሷ አንድ ጠረጴዛ መግዛት እንዴት እንዳቃታት ሲጠይቋት «ደክሞኝ ነው» ትላለች። ሌላ ምክንያት የላትም።

የሌሊት ጥበቃው አለቃ ታላቅ ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሷ ገና የወተት ጥርሷን ያልጨረሰች ልጅ ነበረች። ያሳደጋት፣ ያስተማራት፣ ስትታመም አጠገቧ ያደረው እሱ ነው። እሷን ለቁም ነገር አበቃለሁ ሲል የራሱ ዕድሜ ሳያገባ ሄደ። እሷ «ጋሼ» ትለዋለች፤ እሱ በሰው ፊት ሳይቀር «ሚጢ» ይላታል፤ ፀጉሯ ሸብቶም ሚጢ ናት። የሚኖሩትም አብረው ነው፤ ከግቢው ጀርባ ለጥበቃ ሠራተኞች በተሠራው የቤት ረድፍ ውስጥ። ቤቱ የእነሱ የሚሆነው እሱ ጥበቃ ላይ እስከቆየ ድረስ ነው። ጡረታው እየተቃረበ ስለነበር ሁለቱም ያንን ቀን በሥጋት ይጠብቁ ነበር።

ጠባቂዎቹ ይፈሩታል፤ ይወዱታልም። «አለቃ ሽቦ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ሌሊት አጥሩን ሲዞር እንደ ሌላው ሰው በባትሪ እያየ አይደለም፤ እሾሃማውን ሽቦ በእጁ እየዳሰሰ ነው። «ዓይን ይሸወዳል፤ እጅ ግን የተቆረጠ ሽቦ አያልፍም» ይላል። አዲስ የተቀጠረ ጠባቂ መጀመሪያ የሚማረው ይህንኑ ነው፤ በዚህ ግቢ ጠባቂ የሚታወቀው በመዳፉ ጠባሳ ነው። ደግሞ ማርፈድ የሚባል ነገር አያውቅም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥበቃ ቤት ይገባል፤ ፀሐይ ሳትወጣም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሥራ አስኪያጁ የሚያረፍዱትን ሲቆጣ «ከአለቃ ሽቦ ተማሩ» ይል ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ከአላቢዎቹ አንዱ የተነከሰ ጊዜ ነው። አንዲት ላም ምጥ ይዟት ስለነበር፣ አላቢው ጎህ ሳይቀድ በጓሮ በር በኩል ወደ በረቱ ሲመጣ የጥበቃ ውሾቹ ጮሁ። አለቃው ከጥበቃ ቤት ወጥቶ «ሌባ ነው፣ ልቀቋቸው» አለ። ተለቀቁ። ሰውየው እየጮኸ ማንነቱን እስኪያሳውቅ ድረስ ውሾቹ ቀኝ እጁን ዘነጣጥለውት ነበር። ቁስሉ ዳነ፤ ጣቶቹ ግን አልታጠፍ አሉ። አላቢ ደግሞ ያለ ጣት ምን ሊሆን ነው? የመኖ መጋዘኑን ቁልፍ ሰጥተው እዚያ አስቀመጡት። ነገሩ ሲመረመር ጨረቃ አልነበረችም፣ ሰውየውም ቀድሞ አልተናገረም፣ ማንም ጥፋተኛ አይደለም ተባለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ጥፋቱ ሁሉ በጨለማው ላይ ተላከከ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነውና፣ ሥራ አስኪያጁ ወዲያው «የሌሊት መነጽር ይገዛ» ብሎ አዘዘ። የሆነ ቦታ ማስታወቂያ አይቷል። «አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ የሚያይ አለ አሉ። እሱን አምጪልኝ» አላት።

«እሺ» አለች ወይዘሮ ስፔክ። እውነቱን ለመናገር እሷም ኪሎ ሜትሩን ወዳው ነበር። ስለ ገመድና ስለ ቦት ጫማ እንጂ ስለዚህ ዕቃ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

በግቢው ደንብ፣ ዕቃውን የሚጠቀምበት ሰው የሚፈልገውን ሳይጠየቅ ግዥ አይጀመርም። ደንቡን ያስወጣችው ራሷ ናት። ድሮ አላቢዎቹ ሳይጠየቁ የተገዛ በርጩማ የሁሉንም ወገብ አሳምሞ ስለነበር ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ጠባቂዎቹን ሰብስባ ከዚህ መነጽር ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው።

«እሩቅ የሚያይ» አለ አንዱ።

«እስከ ወንዙ ማዶ የሚያይ» አለ ሌላው።

«የሌባውን ጢም የሚያስቆጥር» አለ ከመካከላቸው ተረበኛው። «ግን እኔን ጉድ ነው የምታደርጉኝ። እስከ ዛሬ ከብት ሲጠፋ ‹ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላየሁም› ብዬ ነበር የማመልጠው። ይሄ ከመጣ በምን ልምል ነው?»

ተሳሳቁ። አለቃው ጥግ ላይ ተቀምጦ ስለነበር መሳቁም አለመሳቁም አልታወቀም። ሁሉም ተናግረው ሲያበቁ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ቅርቡንስ?» አለ። «ምን ያህል ቅርብ ያያል?»

«እንዴት ማለት ጋሼ?»

«እግር ሥር ያለውን ማለቴ ነው። ጉድጓዱን፣ ድንጋዩን። ከፊቴ የቆመ ሰው ፊቱ ይለያል ወይ? ደግሞ በእጅ የሚያዝ ነው ወይስ ራስ ላይ የሚታሰር? ባትሪውስ? ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቃል ወይስ መሀል ላይ ይከዳል?»

ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሷ ግን ደስ ብሏት ጻፈችው። ሌላው ስለ ወንዝ ማዶ ሲያወራ ወንድሟ ስለ ሥራው ያወራል። እንዲህ ያለ ሰው ስላሳደጋት ኮራች።

ከዚያ በኋላ የመነጽር ነጋዴው የየዕቃዎቹን መግለጫ ላከላት፤ ስታየው የዓይን አዋጅ ሆነባት። ቁጥር በቁጥር ላይ ተደርድሯል። ብዙ ቀን ምሳዋን እሱን እያነበበች በላች፤ ምን እንደበላች ቢጠይቋት አታውቀውም። ያልገባት ነገር ሲገጥማት ነጋዴውን በስልክ ታስጨንቀዋለች። ሰውየው አፈ ጮሌ ነው፤ ዓይንሽን ጨፍኚ ላሞኝሽ ዓይነት።

«ይሄ አንድ ኪሎ ሜትር የሚለው፣ ምኑን ነው የሚያየው?»

«ሁሉን ነዋ፣ እመቤቴ።»

«ሁሉን የሚባል ነገር የለም። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ሦስት ቁጥር አለ። የቱ ነው የኔ?»

ነጋዴው ጉሮሮውን ጠረገ፤ አስረዳት። እየመረረው ቢሆንም በደንብ ነው ያስረዳት። የመጀመሪያው ቁጥር እዚያ ማዶ የሆነ ነገር መኖሩ የሚታወቅበት ርቀት ነው፤ በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ኪሎ ሜትር እሱ ነው። ሁለተኛው፣ ያ የሆነ ነገር ሰው ይሁን ላም የሚለይበት ነው፤ ከመጀመሪያው ከግማሽም በታች ይወርዳል። ሦስተኛው፣ ሰውየው ማን እንደሆነ የሚታወቅበት ነው፤ እሱማ ከበረቱ ደጃፍ እስከ ውሃ ገንዳው ቢደርስ ነው። ያውም ጨረቃዋ ሙሉ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሜዳው ገላጣ ከሆነ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች ስልኩን ዘግታ። አላቢው የተነከሰው ኪሎ ሜትር ርቆ አልነበረም፤ ከጥበቃ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። እዚያ የሆነ ነገር መኖሩንማ ውሾቹም አውቀዋል። ሰው መሆኑንም አውቀዋል። ያልታወቀው ማንነቱ ነበር።

ሌላውም እያደር ገባት። ብርሃንን በብዙ ሺህ እጥፍ ያበዛል የሚለው ብቻውን ምንም አይደለም። የሬዲዮ ድምፅ ሲጨመር ማንሿሿቱም አብሮ እንደሚጨምር፣ ብርሃኑ ሲበዛ በምስሉ ላይ የሚርመሰመሰው ነጠብጣብም ይበዛል፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ምስሉ ከነጠብጣቡ በስንት እጅ ይበልጣል ተብሎ ነው። አቅርቦ የሚያሳየው ዕቃ የሚታየውን ስፋት ያጠብባል፤ ተቀምጦ ለሚመለከት እንጂ ለሚራመድ አይሆንም። የባትሪው ሰዓት የተለካው ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ለሰው ዓይን የማይታየው ረዳት መብራቱ ጠፍቶ ነው። ብርድ ላይ፣ መብራቱ በርቶ፣ የተባለውን ግማሽ ከደረሰ እሰየው ነው። የመኪና መብራት ድንገት ሲያርፍበት ደግሞ ምስሉ ይጠፋል፤ ጥሩው ቶሎ ይመለሳል፣ ርካሹ ይቆያል። ጥሩም ሆነ ርካሽ ግን ሁሉም ለአፍታ ይጠፋሉ።

ባነበበች ቁጥር የወንድሟ ጥያቄዎች ትክክል ሆነው አገኘቻቸው። መነጽር ይዞ የማያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ከየት አመጣው የሚል ሐሳብ ብልጭ አለባት። ሥራ በዝቶባት ስለነበር ተወችው።

ነጋዴው ሁለት መነጽሮች ይዞ መጣ፤ አንዱ ኪሎ ሜትር ያያል የተባለው በእጅ የሚያዝ፣ ሌላው ራስ ላይ የሚታሰር። «ማታ ብንሞክረው ነው የሚያምረው» አላት። «ማታ እኔ አላምርም፤ ደክሞኝ ነው የማመሸው» አለችው። መኖ መጋዘኑ መስኮት የለውም። በሩ ሲዘጋ ከጣሪያው ሥር ባለች አንዲት ቀዳዳ ከምትገባ ጭላንጭል በቀር ብርሃን አይገባበትም። እኩለ ቀን ላይ ሥራ አስኪያጁንና ጠባቂዎቹን እዚያ አስገባቻቸው። ከመጋዘኑ ማዶ ጫፍ በርሜል አስቀመጠች፤ ከጎኑ አንዲት ነጭ ጥጃ አሰረች፤ ያንን እጁን የተነከሰውን አላቢ ደግሞ «እስክጠራህ እዚህ ተቀመጥ» አለችው። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

መጀመሪያ ያለ መነጽር ምን እንደሚያዩ ልትጠይቃቸው ፈለገች፤ ለማነጻጸር ያህል። ዓይናቸው እስኪለምድ ዝም ብለው ቆሙ። ቆይቶ አንዱ «ነጭ ነገር ይታየኛል፤ ጥጃዋ ናት» አለ። ሌላው «በርሜሉም አለ» አለ። ተረበኛው «ሰውም አለ፤ ማን እንደሆነ ግን ካልከፈላችሁኝ አልናገርም» አለ። እሷም ሁሉንም በጥላ በጥላው ለየቻቸው። በዚህ መሀል ጥጃዋ ያሰሯት ገመድ ላልቶላት፣ ቀስ ብላ መጥታ ከአለቃው ፊት ቆመች። እጁን ቢዘረጋ ይነካታል።

«አንተስ ጋሼ?» አለችው።

«ያው ነው» አለ አለቃው። «ጥጃዋ እዚያ ማዶ ናት። ከበርሜሉ ጎን።»

ጠባቂዎቹ በሳቅ ፈረሱ። «አለቃም መቀለድ ጀመረ» አለ ተረበኛው። እሷም መሳቅ ጀምራ መሀል ላይ ተወችው። የወንድሟ ግራ እጅ ከጎኑ የተከመረውን የመኖ ከረጢት ጨብጦ ይዞ ነበር። እንደያዘው ነው የቆየው፤ በሩ ከተዘጋ ጀምሮ አንዲት እርምጃ አልተንቀሳቀሰም።

ራስ ላይ የሚታሰረውን መነጽር ለመሞከር የመጀመሪያው እሱ ሆነ። ነጋዴው አሰረለትና ቁልፉን ጫነው። አለቃው ትንፋሹን ሲስብ ሁሉም ሰሙት። ራሱን ወደ ቀኝ አዞረ፣ ወደ ግራ አዞረ፣ ጣሪያውን አየ። ከረጢቱን ለቆ ሁለት እጁን ከፊቱ ዘርግቶ መዳፉን አየ። ከዚያ ጥጃዋን በጎኗ ዞሮ አለፈና እንደ ወጣት እየተራመደ እስከ ማዶ ጫፍ ሄደ። ከአላቢው ፊት ቆመ።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለው።

«እኔ ነኝ አለቃ» አለ አላቢው።

ጠባቂዎቹ እንደገና ሳቁ፤ ሌላ ማን ሊሆን ነው ብለው። አለቃው ግን እዚያው ቆሞ ቀረ። የሰውየውን ፊት አየ፤ ቀጥሎ ጭኑ ላይ ያሳረፈውን ያንን የማይታጠፍ እጅ አየ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። በመጨረሻ መነጽሩን በገዛ እጁ ፈታና በሩ እስኪከፈት ድረስ ባለበት ጨለማው ውስጥ ቆመ።

በማግስቱ ጧት ከሥራ ሲመለስ ሻይ አፍልታ ጠበቀችው። ሁልጊዜም እንደዚያው ታደርጋለች፤ የዚያን ቀን ግን ብርጭቆውን ካቀረበችለት በኋላ ቦርሳዋን አላነሳችም፤ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ጋሼ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አንባባል።»

ሻዩን አማሰለ፤ ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀም በኋላ አማሰለው። «ዳፍንት ነው» አለ። «አባታችንም ነበረበት። ማታ ማታ ከቤት የማይወጣው ጭምት ስለሆነ ይመስልሽ ነበር? አይታየውም ነበር። እኔን የጀመረኝ አለቃ ከሆንኩ በኋላ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፤ መድኃኒት የለውም አሉኝ። እየባሰ ነው የሚሄደው።»

«ለኔ እንኳ?»

«ላንቺማ እንዴት ልንገርሽ? ለኔ ብለሽ እንቅልፍ አጥተሽ ልትቀሪ?»

ያኔ ሁሉም ነገር ተገለጠላት፤ በመገለጡም ደከማት። አጥሩን በእጁ የሚዞረው ስለማያየው ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥበቃ ቤት የሚገባው መንገዱ እንዳይጠፋበት ነው፤ ፀሐይ ሳትወጣ የማይመለሰውም ለዚሁ ነው። ትጋት ያሉት ሁሉ መደበቂያ ነበር። እነዚያ ልጆች ደግሞ የሱን መደበቂያ የሥራ ደንብ ነው ብለው መዳፋቸውን በሽቦ ሲያስበሉ ኖረዋል። አዘነችለት፤ ተናደደችበትም። ሁለቱም በአንድ ላይ ነው የመጡባት።

«አላቢው ሲመጣ ምን አየህ?»

«ምንም። የእግር ኮቴ ሰማሁ። ልጆቹ ‹አለቃ ምን ይታይሃል?› ብለው አፌን አፌን ያዩኛል። አላየሁም ማለት አቃተኝ ሚጢ። አለቃ ነኝ።» ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋው። «ትናንት ግን አየሁ። ጨለማ ውስጥ የሰው ፊት ካየሁ ስንት ዘመኔ ነው! ራስ ላይ የሚታሰረውን ግዥልኝ። ጡረታዬ እስኪደርስ ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ ምንም ጠይቄሽ አላውቅም።»

እውነቱን ነው፤ ጠይቋት አያውቅም። ችግሩ ደግሞ፣ መነጽሩም ትክክለኛው መነጽር መሆኑ ነው። ጠባቂዎቹ የሚሠሩት እየተራመዱ ነው፤ አንድ እጃቸው የውሻ ገመድ ይይዛል፤ ማወቅ ያለባቸውም ከፊታቸው ያለው ሰው ማን እንደሆነ ነው። ወንድሟ ባይሆንም ያንኑ ትመርጥ ነበር። ለሥራ አስኪያጁ ሦስቱን ቁጥር ስታስረዳው እሱም «ኪሎ ሜትሩ ይቅር» ብሎ ተቀበላት። እንዲህ ቀላል ሆኖ ይጠናቀቅ ነበር፣ እሷ ሌላ ሰው ብትሆን ኖሮ።

ቢሮዋ ገብታ ከጠረጴዛዋ ጋር ተፋጠጠች። ባትሪው መሀል ሌሊት ላይ ቢከዳ ሌላው ጠባቂ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ በገዛ ዓይኑ ይቀጥላል። መኪና ድንገት ቢያበራበት፣ ያችን አፍታ ታግሦ ያልፋታል። ጋሼ ግን ያችን አፍታ ዓይነ ስውር ሆኖ ነው የሚያሳልፋት፤ እጁ ላይ ውሾች፣ ከኋላው «አለቃ ምን ይታይሃል?» የሚሉ ልጆች ይዞ። ያኔም አላየሁም አይልም። ይህን በየትኛውም መግለጫ ላይ አላነበበችውም፤ ስለምታውቀው ነው የምታውቀው። የመነጽሩ ጉድለት አይደለም፤ መነጽሩ በወረቀቱ ላይ የተባለውን ያደርጋል። ብዙ ሰዓት ተቀመጠች፤ ተነስታ ውሃ ጠጣች፤ እንደገና ተቀመጠች። ከዚያ ጻፈች።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራው ሲሄድ እንዲያልፍባት ላከችበት። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር፤ እሱ በር ላይ ቆሞ «ቶሎ በይ፣ ሰዓቴ ደርሷል» አላት።

«ተፈቅዷል። ራስ ላይ የሚታሰረው።»

«ተባረኪ» አለ፤ ፊቱ በራ።

«ቁጭ በል። ሌላም አለ።» ወረቀቱን አነሳች። «የአጠቃቀም ደንቡ ላይ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ። መነጽሩ የሚሰጠው ያለ መነጽር በጨለማ ማየቱ ተፈትሾ ለተረጋገጠ ጠባቂ ብቻ ነው።»

ቁጭ አለ።  «ሰርዢው» አለ።

«ዛሬ ቀን አስገባሁት። ጸድቋል። ስለ አንተ ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ራስህ ትነግራቸዋለህ ብዬ ነው።»

«እኔን ለማባረር ደንብ አወጣሽ?»

«ባትሪው ቢያልቅ እነሱ ዓይን አላቸው። አንተ ምን አለህ ጋሼ?»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ያለ ባትሪ አልጠበቅሁም?»

«አላቢውስ?»

 «ቤቱስ?» አላት።

«ሌላ ቤት እንፈልጋለን።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«በዚህ ዕድሜህ። እኔስ ምን ወጣትነት አለኝ?»

«ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ» አለ። ይህን ቃል በሕይወቱ ተናግሮት አያውቅም። ልጅ ሆና ስታጠፋ አላለውም፤ ባሏን ስታገባ፣ እሱ ሳይወደው፣ ያኔም አላለውም።  መልሷን ሳይጠብቅ ተነስቶ ወጣ፤ በሩንም አልዘጋው።

ተቀምጣ የእግሩን ኮቴ ጠበቀች። ጠጠሩ ላይ መውረድ ነበረበት፤ አልተሰማም። ተነስታ ወደ በሩ ሄደች።

የቢሮዋ ደረጃ አናት ላይ ቆሟል፤ መደገፊያ ብረቱን ይዞ። ፀሐይ ጠልቃለች፤ ሰማዩ ግን ገና ብርሃን ነበር። ውሃ ገንዳው ዘንድ የቆሙት ላሞች ቀለማቸው ሳይቀር ይለያል። ማዶ ጥበቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጠባቂዎቹ ተሰብስበው አለቃቸው ምን እንዳስቀረው ግራ ገብቷቸው ወደዚህ ያያሉ፤ ተረበኛው እጁን አውለበለበ። ወንድሟ ፊቱን ወደነሱ እንዳደረገ ነው፤ አላውለበለበም።

«መሸ እንዴ?» አላት፣ ሳይዞር። ቁጣው ከድምፁ ጠፍቷል።

ሰማዩን አየችው። 

«አዎ፣ መሽቷል ጋሼ» አለችው።

ቀረብ ብላ ትከሻዋን ሰጠችው። እጁን ሲያሳርፍባት ከበዳት፤ ግን ቆመችለት። «ደረጃ ነው» አለችው። ጠባቂዎቹ ሁሉ እያዩዋቸው፣ ቀስ እያሉ ወረዱ።